በየዓይነቱ ማንበብ፦ ከአንድ መደርደሪያ ወደ ሌላው የመሻገሪያ መመሪያ

መጽሐፍ በስሙኒ የሚከራይበት ዘመን ልጅ ነኝ። ሰፈራችን ውስጥ አንዲት የቆርቆሮ ኪዮስክ ነበረች፤ ባለቤቷ ሻማና ክብሪት እየሸጡ ጎን ለጎን መጽሐፍ ያከራያሉ። እኔ የስለላ ታሪክ ካልሆነ እጄን አልዘረጋም። አንድ ቀን የተከራየሁት መጽሐፍ ልክ ከሃዲው ማን እንደሆነ ሊገለጥ ሲል አለቀ። ለካስ አላለቀም፣ ተቀዷል። የመጨረሻዎቹ ገጾች የሉም። እየሮጥኩ ሄጄ አቤት ስል ሰውየው መጽሐፉን አገላብጠው አዩትና፣ ስሙኒዬን በመመለስ ፈንታ አንዲት ቀጭን የግጥም መድበል አውርደው፣ «በል ይቺን በነጻ ውሰድ። ይቺ ብትቀደድ እንኳ እያንዳንዱ ገጿ መጨረሻ ነው» አሉኝ።

ግጥሙን ያነበብኩት ተናድጄ ነው። የሰውየው ቀልድ ቁም ነገር እንደነበረው የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እያንዳንዱ የመጽሐፍ ዓይነት ለአንባቢው የሚገባው ቃል አለው። የስለላ መጽሐፍ «መጨረሻዬን ጠብቅ» ይላል። ግጥም «እዚሁ ቁም» ይላል። ታሪክ «ማስረጃዬን መርምር»፣ ግለ ታሪክ «እኔ እንዳየሁት ስማኝ» ይላሉ። «ግጥም አይገባኝም»፣ «ታሪክ ይደብረኛል» የሚል ሰው አብዛኛውን ጊዜ ከአንዱ የሌላውን ቃል የጠበቀ ሰው ነው።

ይህ መመሪያ ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው፤ አንድ ዓይነት ብቻ እያነበበ ለሰለቸው፣ እና ሁሉንም እየጀመረ አንዱንም ለማይጨርሰው። የሚያስፈልግዎ አንድ ደብተር፣ አንድ እርሳስና በቀን ግማሽ ሰዓት ነው።

ደረጃ 1፦ ያነበቡትን ይቁጠሩ

በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በቅርብ ያነበቧቸውን 10 መጻሕፍት ይዘርዝሩ። ከእያንዳንዱ ጎን ዓይነቱን ይጻፉ፦ ረጅም ልብ ወለድ፣ አጭር ልብ ወለድ፣ ግጥም፣ ተውኔት፣ ወግ፣ ታሪክ፣ ግለ ታሪክ፣ ሃይማኖት፣ ትርጉም። ዘጠኙ አንድ ዓይነት ከሆኑ አይፈሩ፤ የሁላችንም ዝርዝር እንዲያ ነው የሚጀምረው።

ቀጥሎ በእያንዳንዱ መጽሐፍ ምን እንደወደዱ በአንድ ቃል ያስፍሩ። ደጋግሞ የሚመጣው ቃል መሻገሪያ ድልድይዎ ነው፦

- «ምስጢሩ» ካሉ፦ የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» ይሞክሩ። ስለላ አለበት፣ ፍቅር አለበት፣ ጦርነትም አለበት። በ1975 ታትሞ ወዲያው ከገበያ የተሰበሰበና ደራሲው በየካቲት 1976 ደብዛው ከመጥፋቱ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሳ መጽሐፍ ስለሆነ፣ ከልብ ወለዱ ወደ ዘመኑ ታሪክ ይዞዎት ይሄዳል።
- «ቋንቋው» ካሉ፦ ወደ ግጥም ይለፉ፤ ወይም የአዳም ረታን አጫጭር ልብ ወለዶች ይያዙ።
- «ሰዎቹ» ካሉ፦ ግለ ታሪክ የእርስዎ ነው።
- «ዘመኑ» ካሉ፦ የታሪክ መጽሐፍ ይክፈቱ።
- «ሳቁ» ካሉ፦ የመስፍን ሀብተ ማርያምን ወጎች፣ አለዚያም የመንግሥቱ ለማን «ጠልፎ በኪሴ» ያንብቡ።

ደረጃ 2፦ በሚያውቁት ደራሲ ትከሻ ይሻገሩ

አዲስ ዓይነትና አዲስ ደራሲ ባንድ ጊዜ መጀመር ከባድ ነው። ከሁለቱ አንዱ የሚታወቅ ይሁን። ደግነቱ ብዙዎቹ የአማርኛ ደራስያን ባንድ ዓይነት ብቻ አልተወሰኑም።

ሐዲስ ዓለማየሁን ይውሰዱ። ሁላችንም የምናውቃቸው በ1958 በታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። ነገር ግን ከዚያ በፊት «ተረት ተረት የመሠረት» የተባለ የተረት መጽሐፍ አላቸው፤ በኋላም በጣሊያን ወረራ ጊዜ ያሳለፉትን ጦርነትና እስራት የሚተርኩበትን «ትዝታ» ጽፈዋል፤ ስለ አገር አስተዳደርም የጻፉት አለ። ጉዱ ካሣን የወደደ ሰው «ኢትዮጵያ ምን ዓይነት አስተዳደር ያስፈልጋታል?» የሚለውን መጽሐፍ ቢከፍት፣ በልብ ወለዱ ውስጥ እንደ እብድ ተቆጥሮ የሚለፈልፈው ሰው ጥያቄ ከደራሲው ራስ እንዳልወጣ ያያል። ድምፁን ስለሚያውቁት የፖለቲካ ጽሑፍ መሆኑ አያስበረግግዎትም።

ከበደ ሚካኤልም እንዲሁ ናቸው፤ ግጥማቸውን የወደደ «ጃፓን እንደምን ሠለጠነች»ን ቢያነብ ገጣሚው የታሪክ አስተማሪ ሆነው ያገኛቸዋል፤ ትርጉም ከፈለገም ሼክስፒርን በአማርኛ ያቀረቡበት «ሮሜዎና ዡልየት» አለ።

አንዳንዴ ድልድዩ አባትና ልጅ ይሆናሉ። ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት የጻፉ፣ «የሕይወቴ ታሪክ» የተባለ ግሩም ግለ ታሪክም ያቆዩ ሰው ናቸው። ልጃቸው ግርማቸው ደግሞ «አርዓያ» የተባለውን ልብ ወለድና «ቴዎድሮስ» የተባለውን ተውኔት ጻፉ። ከአንድ ቤት ብቻ ሦስት ዓይነት መጽሐፍ ይገኛል። መንግሥቱ ለማ ደግሞ በተውኔቱና በግጥሙ ሳያበቃ የአባቱን ወግ ከአፋቸው ቀድቶ «መጽሐፈ ትዝታ ዘአለቃ ለማ»ን አበርክቷል። ሽማግሌ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጨዋታ መስማት የሚወድ ሰው ግለ ታሪክን በዚህ ቢጀምር አይቆጭም።

ደረጃ 3፦ አንድ ሰው ይዘው አራት በር ያንኳኩ

ከሁሉም ደረጃዎች ይበልጥ ያተረፈልኝ ይህ ነው። አንድ ሰው ወይም አንድ ክስተት ይምረጡና በአራት ዓይነት መጽሐፍ ያንብቡት። ለመጀመሪያ ጊዜ ዓፄ ቴዎድሮስን እመክራለሁ፤ ያልጻፈባቸው የለምና። ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን፦

1. በልብ ወለድ ይጀምሩ። የአቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ» ወይም የብርሃኑ ዘሪሁን «የታንጉት ምስጢር» ይሁን። ልብ ወለድ ሰውየውን ያስወድድዎታል ወይም ያስፈራዎታል፤ ሁለቱም ይጠቅማሉ።
2. ቀጥሎ ታሪክ ይክፈቱ። የጳውሎስ ኞኞ «አጤ ቴዎድሮስ» ለጨዋታ የቀረበ ነው፤ የተክለ ጻድቅ መኩሪያ «ዐፄ ቴዎድሮስና የኢትዮጵያ አንድነት» ሰፋ ያለ ነው። ልብ ወለዱ ላይ ያመኑትን እዚህ ይፈትኑት።
3. ከዚያ በዘመኑ ወደነበረ ሰው ይውረዱ። የአለቃ ዘነብ «የቴዎድሮስ ታሪክ» የነገሥታት ዜና መዋዕል በግእዝ ይጻፍ በነበረበት ዘመን በአማርኛ የተጻፈ ነው። አማርኛው የዛሬው አይደለም፤ በቀን ሁለት ገጽ ይበቃል።
4. በመጨረሻ ተውኔት። የግርማቸው ወይም የጸጋዬ ገብረ መድኅን «ቴዎድሮስ»።

የአለቃ ዘነብ ትረካ እስከዚያ አይደርስምና፣ ልብ ወለዱን፣ የታሪክ መጽሐፉንና ተውኔቱን ይዘው አንድ ቀን ላይ ያነጻጽሩ፦ መቅደላ፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860። ንጉሡ ሽጉጣቸውን የጠጡበት ቀን ነው። የታሪክ ጸሐፊው የጦሩን ብዛትና የደብዳቤዎቹን ምልልስ ይነግርዎታል። ልብ ወለድ ጸሐፊው ንጉሡ ሌሊቱን ምን ሲያስቡ እንዳደሩ ይገምታል። ባለ ተውኔቱ ያንኑ ሐሳብ ጮክ ተብሎ በሚነገር ቃል ይተካዋል። ማንኛቸው ዋሹ ብለው አይጠይቁ። ማንኛው ምን እንዲናገር ተፈቅዶለታል ብለው ይጠይቁ። ይህን ጥያቄ አንዴ የለመደ አንባቢ በማንኛውም መደርደሪያ ፊት አይደናገርም።

ነገሥታት ካልማረክዎት የ1966ን አብዮት ይያዙ። የብርሃኑ ዘሪሁን «ማዕበል» በሦስት ክፍል፣ ዋዜማውን፣ መባቻውንና ማግሥቱን በልብ ወለድ ያሳያል፤ የባሕሩ ዘውዴ የታሪክ መጽሐፍ ከ1847 እስከ 1983 ያለውን ጉዞ ያስቀምጣል፤ በዘመኑ ያለፉ ሰዎች የጻፏቸው ግለ ታሪኮች ደግሞ እርስ በርስ ይከራከራሉ።

ደረጃ 4፦ ሁሉን በየአነባበቡ

ሽሮን እንደ ጥሬ ሥጋ የሚበላ የለም። መጽሐፍም እንዲሁ ነው።

*ግጥም።* ድምፅዎን አውጥተው፣ በቀን አንድ፣ ሁለት ጊዜ። ድምፅ ማውጣቱ ለማስዋብ ብቻ አይደለም። ፊደላችን ማጥበቅና ማላላትን አይለይም፤ «አለ» ላልቶ ሲነበብ የተናገረ ሰው ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ ያለ፣ የሚኖር ነው። ገጣሚው ብዙ ጊዜ ወርቁን የሚቀብረው እዚያ ላይ ነው። በዓይን ብቻ የሮጠ ሰው ሰሙን ቀምሶ ይመለሳል። መድበሉን ከዳር እስከ ዳር ባንድ ቁጭታ መጨረስ ደግሞ ግጥም የሚያስጠላ ትልቁ ምክንያት ነው።

*ተውኔት።* ብቻዎን አያንብቡት። ቤተሰቡን ወይም ጓደኞችን ሰብስበው ሰውን በሰው ያከፋፍሉ። «ያላቻ ጋብቻ»ን ቡና እየተፈላ ያነበብን ጊዜ፣ በሕይወቷ መጽሐፍ ይዛ የማታውቀው አክስቴ በሦስተኛው ገጽ ላይ «የኔን ክፍል አንብቡልኝና እኔ እደግመዋለሁ» አለች። ፊደል ሳትቆጥር ተዋናይ ሆና አመሸች።

*ረጅም ልብ ወለድ።* የመጀመሪያዎቹን 50 ገጾች ባንድ ጊዜ ያንብቡ። ከ500 ገጽ በላይ የሆነን መጽሐፍ በቀን አምስት አምስት ገጽ የጀመረ ሰው፣ ሰዎቹን ሳይለይ ይሰለቻል። በመጽሐፉ የኋላ ሽፋን ውስጥ የሰዎቹን ስምና ዝምድና በእርሳስ ያስፍሩ።

*ታሪክ።* ካርታና የዘመን መቁጠሪያ ይያዙ። የውጭ ደራሲ ጽፎት የተተረጎመ ከሆነ ዓመቱ የማን እንደሆነ ያጣሩ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ልዩነቱ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ዓመት ነው። ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888 የሚለውና 1896 የሚለው አይጣሉም። ይህን ያልለየ አንባቢ አንዱን ጦርነት ሁለት ጊዜ ያዋጋል።

*ግለ ታሪክ።* የተጻፈውን ያህል ያልተጻፈውን ይፈልጉ። ባለታሪኩ ማንን ደጋግሞ ያመሰግናል? የትኛውን ዓመት ባንድ አንቀጽ ዘለለው? በተቻለ መጠን የተቀናቃኙንም መጽሐፍ ያንብቡ።

*ትርጉም።* የተርጓሚውን ስም ከደራሲው እኩል ይያዙት። ነቢይ መኮንን የማርጋሬት ሚሼልን ልብ ወለድ «ነገም ሌላ ቀን ነው» ብሎ የመለሰው በደርግ ዘመን እስር ቤት ሆኖ፣ በሲጋራ ፓኬት ወረቀት ላይ እየጻፈ ነው። ያን ካወቁ በኋላ እያንዳንዱ የተመረጠ ቃል ምን ያህል እንደተከፈለበት እያሰቡ ያነባሉ። ጥሩ ተርጓሚ ሲያገኙ ሌላ የተረጎመውንም ይከተሉ፤ ደራሲዎቹን እሱ ይመርጥልዎታል።

ደረጃ 5፦ ሦስት ያዙሩ

ሦስት መጽሐፍ ባንድ ጊዜ፤ ከዚያ በላይ አይሁን። አንድ ከባድ፣ አንድ የሚስብ፣ አንድ አጭር። ከባዱ ጠዋት ጠረጴዛ ላይ የሚነበብ ነው። የሚስበው ማታ አልጋ ላይ። አጭሩ፣ ማለትም ግጥም፣ ወግ ወይም አጭር ልብ ወለድ፣ ከቦርሳ አይለይም፤ የታክሲ ሰልፍና የባንክ ወረፋ የእሱ ነው። ቦታቸውን ካላቀያየሩ አይደባለቁም። እኔ አንድ ሰሞን ሁለት ረጅም ልብ ወለድ ባንድ ላይ ይዤ የአንዱን ሙሽራ ለሌላው ድሬያለሁ።

እጅዎ ሥራ የሚይዘው ከሆነ ጆሮዎን ይጠቀሙ። ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርከው ያልሰማ ትውልድ ዛሬ ቅጂውን በስልኩ ያገኘዋል። ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ለሚነዳ፣ ሪያድ ውስጥ ሰው ቤት ለምትሠራ ሰው ትረካ ሙሉ ንባብ ነው። ልብ ወለድና ግለ ታሪክ ለጆሮ ይስማማሉ፤ ታሪክ ግን ቀንና ስም ስለሚበዛው በወረቀት ቢነበብ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ መተውን ይማሩ

50 ገጽ አንብበው ካልያዘዎት ይዝጉት። ግን ዝም ብለው አይዝጉት፤ ለምን እንደተዉት በደብተርዎ ላይ አንድ መስመር ይጻፉ። «ደራሲው አልቻለም» እና «እኔ አልደረስኩበትም» የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያውን ይሽጡት። ሁለተኛውን ቀን ጽፈውበት መደርደሪያ ላይ ይመልሱት።

የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» ለእኔ የሁለተኛው ዓይነት ነበር። ድምፁ ከሰው ሰው ይዘላል፣ የሸዋ ገጠር አነጋገሩ ለከተማ ልጅ ይከብዳል። ሁለት ጊዜ ተውኩት። ሦስተኛ ጊዜ ስመለስበት በመካከሉ ብዙ ተውኔት አንብቤ ስለነበር፣ ያ ሁሉ ንግግር በጆሮዬ መድረክ ሆኖ ተሰማኝ። አንዱ ዓይነት ለሌላው ቁልፍ ይሆናል የምለው እንዲህ ያለውን ነው።

ደረጃ 7፦ ሳይከስሩ ይሰብስቡ

በየዓይነቱ ላንብብ ያለ ሰው ሁሉን በአዲስ ዋጋ ከገዛ ወር አይደርስም።

- *ቤተ መጻሕፍት።* አዲስ አበባ ከሆኑ፣ በ2014 የተከፈተው አብርሆት አራት ኪሎ ነው። ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ወመዘክር፣ ደግሞ ቆየት ያሉና ከገበያ የጠፉ መጻሕፍትን ለመፈለግ ተመራጭ ነው። በክልል ከተሞች የሕዝብና የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትን ይጠይቁ።
- *አሮጌ መጽሐፍ ሻጭ።* በከተማዎ ያሉትን ይጎብኙ። ከአንድ ሻጭ ጋር ደንበኛ ይሁኑ። «የምወደው እንዲህ ያለ ነው፣ ያላነበብኩት ደግሞ ይህን ነው» ብለው ይንገሩት። ጥሩ ሻጭ ከመጽሔት ሂስ ይበልጥ ያውቃል።
- *ልውውጥ።* አምስት ጓደኞች ሆናችሁ እያንዳንዳችሁ የተለያየ ዓይነት መጽሐፍ ብትገዙና በየወሩ ብትለዋወጡ፣ በአንድ መጽሐፍ ዋጋ አምስት ታነባላችሁ።

አሮጌ መጽሐፍ ከመግዛትዎ በፊት ሦስት ነገር ያረጋግጡ፦ የገጽ ቁጥሮቹ ሳይዘሉ መከተላቸውን፣ ስፌቱ መያዙን፣ የመጨረሻው ገጽ መኖሩን። በሕይወት ያለ ደራሲ መጽሐፍ ከሆነ ደግሞ በፎቶ ኮፒ የተባዛውን ትተው ዋናውን ይግዙ። ቀጣዩን መጽሐፍ የሚጽፍልዎ በዚያ ገንዘብ ነው።

ደረጃ 8፦ ሦስት መስመር

መጽሐፍ ሲጨርሱ ሦስት መስመር ይጻፉ፤ ያገኙትን፣ ያልገባዎትን፣ ቀጣዩን። ከደብተሬ አንዱን ልጥቀስ፦

«ራስ እምሩ፣ ካየሁት ከማስታውሰው። ያገኘሁት፦ የታሪክ መጽሐፍ ‹ዘመተ› ብሎ የሚያልፈውን፣ የዘመተው ሰው ራሱ ሲያወራው። ያልገባኝ፦ ደጃዝማች ይበልጣል ወይስ ፊታውራሪ? (ጠየቅሁ፤ ደጃዝማች ይበልጣል።) ቀጣይ፦ ተክለ ሐዋርያት፣ ያው ዘመን በሌላ ሰው ዓይን።»

ሦስተኛው መስመር ዋናው ነው። እሱ ከተጻፈ «ቀጥሎ ምን ላንብብ?» ብለው መደርደሪያ ፊት አይቆሙም። መጽሐፉ ራሱ ወደ ጎረቤቱ ይመራዎታል።

የመጀመሪያው ወር

ሳምንት 1፦ የ10 መጻሕፍት ዝርዝርዎን ይሥሩ፤ ደጋግሞ የመጣውን ቃል ይክበቡ። ከሚወዱት ደራሲ ያላነበቡትን ዓይነት አንድ ይያዙ።

ሳምንት 2፦ እሱን እያነበቡ አንድ የግጥም መድበል ይጨምሩ። በቀን አንድ፣ በድምፅ።

ሳምንት 3፦ አንድ አጭር ተውኔት ይምረጡና ቅዳሜ ወይም እሑድ ከሰው ጋር ያንብቡ። ፊደል የማያውቅ ሰው ካለ መጀመሪያ እሱን ይጋብዙ።

ሳምንት 4፦ ሦስት ሦስት መስመሮችዎን ጽፈው፣ ከጨረሷቸው አንዱን ያን ዓይነት አንብቦ ለማያውቅ ሰው ያውሱ። የተዋሰውን ሰው ስምና ቀኑን ደብተሩ ላይ ይያዙ። ከእጅዎ ሳይወጣም ገልጠው የመጨረሻው ገጽ መኖሩን ይዩ። ከሌለ፣ የግጥም መድበል ደርበው ይስጡ።